ያልተጻፈው ቁልቁለት

አዳማ፣ ጥር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሁንዴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እናትህ ወይዘሮ ጋዲሴስ እንዴት ናቸው? ለታጠቅ ቀብር መጥተህ በማግስቱ ስትመለስ ደህና ግባ እንኳ አላልኩህም። ይቅር በለኝ። ያን ሰሞን ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ አላውቅም ነበር።

የላክኸውን ደብዳቤ ባጫ ሹፌሩ ሰጥቶኛል። ለጠየቅኸኝ መልሴ አዎ ነው። ሚስትህ ሉሊት እንዳትሰማ እኔም እፈልጋለሁ። ደም ታይቷት ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሳ፣ እንዳትደነግጥ ካላት፣ አሁን ወንድምሽ ሞተ ብሎ መንገር ሁለተኛ ሐዘን መጥራት ነው። አንድ ልጄን ቀብሬያለሁ። የቀረችኝን ከነሆዷ አደጋ ላይ አልጥላትም። በሰላም ትውለድ፣ ወሯን ትያዝ፣ ጉልበቷ ይጥና። ያኔ ሽማግሌ ተሰብስቦ እንደ ወጉ ጎህ ሳይቀድ ያረዳታል። እስከዚያ ድረስ ታጠቅ አለ። በእኔም አፍ፣ በአንተም አፍ አለ።

ሐዘንተኛዋም ደባቂዋም እኔው መሆኔ ከብዶኛል። ግን ማን ይሁን?

በስልክ ላነጋግራት አልችልም። ባለፈው ዓርብ ደወለችና «እማዬ» ስትል ዘጋሁት። ድምፄ ያሳብቅብኛል። ስለዚህ የእናትሽ ስልክ ሳፋ ውስጥ ወድቆ ተበላሸ በላት፤ እኔ በደብዳቤ እጠይቃታለሁ። ወንጂ የፋብሪካው ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ተምሬያለሁ፤ ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ። ጽሑፌ ቢጣመም እርጅና ነው ትላለች። እንዳልመጣ ፀጉሬን ተላጭቻለሁ፣ ጥቁር ለብሻለሁ። ወገቧን አሟት ነው በላት።

የታጠቅ ስልክስ ለምን አይጠራም ብትልህ፣ ከሳይክል ሲወድቅ ተሰበረ በላት። ይሄ እንኳ እውነት ነው። ኢንተርኔቱን ግን አጥፋባት። ጓደኞቹ ፎቶውን ከሻማ ጋር እየለጠፉ ነው አሉ።

ይህችን ወረቀት አንብበህ አቃጥላት። ሌላዋን ለእሷ ስጥልኝ።

እናትህ አሳየች


አዳማ፣ ጥር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሉሊት፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? በሆድሽ ያለውስ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስልክ ዘጋሽብኝ ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። ሁንዴ የሳፋውን ነገር ነግሮሻል። እኔና ዕቃ ተስማምተን አናውቅም።

ታጠቅም ያው እንደምታውቂው ነው። እሑድ እሑድ ያን ጎማው እንደ ትራክተር ጥርስ ያለውን ሳይክሉን ይዞ ከጫምሳ ጋር ወደ ቦሰት ተራራ ይሄዳል። ሲመለስ ከአቧራው የተነሳ ከዓይኑ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። በር ላይ አቁሜ በመጥረጊያ አራግፈዋለሁ። «እማዬ፣ ጀርባዬን ተይው፣ እዚያ ያለው የቦሰት አፈር ለመታሰቢያ ነው» ይለኛል። በሳቁ ደግሞ ቤቱን እንደገና አቧራ ያደርገዋል።

ለምን ራሱ አይጽፍልኝም አትበይ። የእሱን ጽሑፍ አንቺም ታውቂዋለሽ። መምህሩ ዶሮ የጫረችው መሬት ነው ብለውት አልነበር?

ወይዘሮ ጋዲሴ የሚሰጡሽን ሁሉ ብዪ። አልጋው ሰለቸኝ አትበይ። እኔ በአንቺ ጊዜ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በዚያ ሙቀት ውሃ ስቀዳ ነበር፤ ማን ተኚ ብሎኝ።

እናትሽ አሳየች


አዳማ፣ የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሉሊት፣

እንደምን ከረምሽ? መልስ ስላቆየሁ ይቅር በዪኝ። የጠየቅሽኝን ስለማላውቀው ነው የቆየሁት። ዙሩን ጨረሰው ወይ፣ ዝም በልን እግሩን ሳያስነካ ወጣው ወይ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። እኔ ዝም በል የሚባለው ምን እንደሆነ በምን አውቄ? እኛ ወንጂ ሳይክል ያወቅነው በሜዳ ነው። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ምሳውን ከኋላ አስሮ በአገዳው መሐል ቀጥ ብሎ ፋብሪካ ይገባ ነበር። ተራራ የሚወጣ ሳይክል በእኔ ዘመን አልነበረም።

እና ጫምሳን ልጠይቀው ጎማ ከሚጠግንበት ሄድኩ።

«ጫምሳ፣ ዝም በል ምንድነው?» አልኩት።

«እማማ፣ ማነው ዝም በይ ያለዎት? ስሙን ይንገሩኝ» አለኝ። ለጠብ ሊነሳ ነው።

«ዳገቱን ነው የምልህ።»

ያን ጊዜ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ወንበር አወጣልኝ። እንዲህ ነው ያለኝ። ሳይክሎቹን እስከ ወለንጪቲ በመኪና ይጭኗቸዋል። ከዚያ አስፋልቱን ትተው በጤፍ ገለባው መሐል ይነዳሉ። ገለባው ሲያልቅ የግራር ጫካ ነው፤ እሾሁ ጎማ ይበላል። ቀጥሎ ቂጣ የሚሉት አለ። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ እንደተቆራረሰ ቂጣ ተደርድሯል አለኝ። እዚያ ላይ የሳይክሉ መሪ ከእጅ ለማምለጥ ይታገላል። ውሃ የሚባል ነገር በመንገዱ ሁሉ የለም፤ በጀርባ የያዙትን ነው። ከቂጣው ቀጥሎ ዝም በል ይመጣል። ዳገቱን እንዲህ ያሉት ማንም ሲወጣው የሚያወራበት ትንፋሽ ስለማይኖረው ነው። እግሩን መሬት ያስነካ ሰው ወጥቼዋለሁ ማለት አይችልም። በመሐላቸው ሕግ ነው።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ ቁልቁለት ነው» አለና ሌላ ጎማ መፍታት ጀመረ።

መልሴ እንግዲህ ይሄው ነው። ገና ነው፤ አልወጣውም። ሁልጊዜ ከላይኛው ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ሲደርስ እግሩን ያስነካል። ይናደድና በሚቀጥለው እሑድ ይመለስበታል።

በእግርሽ ላይ ያለው እብጠት ከቀነሰ ጻፊልኝ።

እናትሽ አሳየች


አዳማ፣ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሁንዴ፣

የላካችሁት ሽንኩርት ደርሶኛል። በአርባው የመጣው ሰው ብዙ ስለነበር ጠቅሞናል። እናትህ በፈንታዬ ቤትህን ስለያዙልህ እግዚአብሔር ያክብራቸው።

ጫምሳ በታጠቅ ስም፣ በታጠቅ እጅ አስመስሎ አንድ ገጽ ይጻፍላት ያልከውን አስቤበት ነበር። አይሆንም። ያሰብከው ለደግ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ እስካሁን የጻፍኩት እሱ ዱሮ ያደረገውን ነው። ያኔ ያለውን ዛሬ እንዳለው አድርጌ እጽፋለሁ። ያላለውን ግን አላስብለውም። ይሄን ካደረግሁ ሌላ ሰው ይሆንብኛል።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ በእሷ ፊት ግን ከአፍህ እንዳይወጣ። በአርባው ቀን ሰው ሲበተን ጫምሳ ቀረና ድንኳኑ ምሰሶ ሥር ተቀመጠ። «እማማ፣ ያልነገርኩዎት ነገር አለ» አለኝ። ደነገጥኩ። «ያን ቀን ወጥቶት ነበር። ዝም በልን። እግሩን ሳያስነካ» አለኝ። እኔም ደስ ይለኛል ብሎ ነው። ጎሽ ልጄ አልኩት።

ሉሊት ግን በየደብዳቤዋ ወጣው ወይ ትላለች። እኔም ገና ነው እላታለሁ። ልጄን በሕይወቱ ሙሉ የለፋበትን ነገር ነሳሁት። ግን ሁንዴ፣ ከወጣው ወዲያ የሚቀረው ቁልቁለቱ ነው። እስካልወጣው ድረስ የሚቀጥለው እሑድ አለለት።

ትጠረጥር ይሆን ወይ ላልከኝ፣ አይመስለኝም። ጥያቄዋ የቀልድ ነው። ድንጋዩ ምን ይመስላል፣ ከላይ ምን ይታያል ትለኛለች። ከዚህ በኋላ ከሰው አፍ እየሰማሁ መጻፍ ደከመኝ። ጫምሳ በአጎቱ ፒካፕ እወስድዎታለሁ ብሎኛል። ሄጄ አየዋለሁ። ለእኔም ይሻለኛል ወይም ይብስብኛል፤ አላውቅም።

እናትህ አሳየች


አዳማ፣ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሉሊት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጾሙ እንዴት ይዞሻል እንዳልል ነፍሰ ጡር ነሽ፤ ወተቱን እንዳትተዪ።

ሳትስቂ ስሚኝ። ቦሰት ወጣሁ።

አንቺ ነሽ ያስወጣሽኝ። ድንጋዩ ምን ይመስላል፣ ነፋሱ ከየት ነው እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ፣ ወገቤን በነጠላ ጠፍሬ በጫምሳ አጎት መኪና ሄድኩ። ጫምሳ ሳይክሉን ከኋላ ጭኖ ነበር። መኪናው የቻለውን ያህል ሄዶ ግራሩ ጋ ቆመ። ከዚያ በእግር ነው። ገና ረፋዱ ላይ መሬቱ ይጋግራል። የምትረግጪው አፈር ሳይሆን ዱቄት ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ዛፉ ሁሉ አጭር ነው፤ ጥላው ለአንድ ፍየል ብቻ ይበቃል፤ ፍየሏም ቀድማሽ ተቀምጣበታለች።

ቂጣውን አየሁት። የእኔ ቂጣ ነው ቢሉኝ አልበላውም። ድንጋዩ ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ይቆርጣል፤ ስትረግጪው እንደ ሸክላ ይጮኻል። ጫምሳ በላዩ ሲነዳበት ጥርሱ ሲንገጫገጭ እኔ ድረስ ይሰማል። እንዲህ ለመንገጫገጭ ብሎ በሰንበት የሚነሳ ሰው ምን ይሉታል?

እዚያ አንድ ሽማግሌ ግመሎች ይዘው መጡ። አካም ጅርቱ፣ ነጋ እያልን በኦሮምኛ ደኅንነት ተጠያየቅን። ጫምሳን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄን ብረት ይዘህ ወዴት ነው?»

«አባባ፣ ልወጣ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እወርዳለሁ።»

«ታዲያ ታች አይደለህም እንዴ አሁን?» አሉትና ግመሎቻቸውን ነዱ። እኔ እስከ ዛሬ እያሰብኩበት ነው።

ዝም በል ስሙ ትክክል ነው። ከታች ሲያዩት ያን ያህል አይመስልም። ጉዳዩ ጠጠሩ ነው፤ አንድ ስትራመጂ ግማሹን ይመልስሻል። እኔ እግሬን ሳላስነካ የምወጣበት ብልሃት ስለሌለኝ እያስነካሁ፣ አንዳንዴም በእጄ እየደገፍኩ ወጣሁ። ጫምሳ በጎኔ በሳይክል ሞከረ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ማርሹን ሲቀይር ሰንሰለቱ ይንቋቋል። ትልቁ ድንጋይ ጋ ሲደርስ የፊት ጎማው ተነሳበትና እግሩን አስነካ። አንድ ነገር ተናገረ፤ እዚህ አልጽፈውም። «እማማ፣ እንዳልሰሙ ይሁኑ» አለኝ።

«ምን ብለህ ነበር?» አልኩት።

«አቤቱ ማረኝ ነው ያልኩት።»

«እንዲህ ያለ አቤቱታ ሰምቼ አላውቅም» አልኩት።

ታጠቅም እዚያው ድንጋይ ላይ ነው የሚቸገረው። ክብደቱን ወደፊት ጣል አድርጎ፣ ደረቱን ከመሪው አስጠግቶ፣ ቀስ ማለት አለበት ይላል ጫምሳ። በጉልበት አይወጣም። ታጠቅ ደግሞ ቀስ ማለት አያውቅም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሲወለድም ቸኩሎ ነው የተወለደው። ጠይቀሽኛልና፣ ገና ነው።

ከላይ ነፋሱ ነጠላ ይነጥቃል። የእሳተ ገሞራው አፍ ከታች እንደ ትልቅ ድስት ተከፍቷል። ከድስቱ ወዲያ አገሩ ሁሉ ቢጫና ቡኒ ነው፤ በሩቅ ብቻ አንድ አረንጓዴ ቁራጭ ይታያል፤ የአዋሽ ዳር እርሻ ነው አለኝ ጫምሳ። አንድ ነገር ገባኝ። በየእሑዱ የት ነው የምትሄደው፣ ምን አለበት እዚያ እያልኩ ስጨቀጭቀው «ምንም የለም እማዬ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ምንም የለበትም። ደስ የሚለውም እሱ ነው መሰለኝ።

እዚያ ተቀምጠን ውሃ ጠጣን፤ በመጣንበትም ተመለስን። እግሬ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።

እናትሽ አሳየች


አዳሚ ቱሉ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለወይዘሮ አሳየች፣

እንኳን ደስ አለዎት። ሉሊት ከትናንት በስቲያ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግላለች። ልጁም እሷም ደህና ናቸው። እናቴ ከደስታዋ ብዛት ያልመገበችው ጎረቤት የለም።

እርስዎ ባይኖሩ እዚህ አንደርስም ነበር። ደብዳቤዎን በሰጠኋት ቀን ትበላለች፤ የቆየ ቀን አትበላም።

ሽማግሌዎቹን አነጋግሬያቸዋለሁ። ወሯን ትያዝና ቅዳሜ ግንቦት 10 ጎህ ሳይቀድ እንምጣ ብለዋል። እርስዎ ዓርብ ማታ መጥተው ጎረቤት ያድራሉ፤ ሲነጋጋ አብረዋቸው ይገባሉ። እኔ በሩን እከፍታለሁ። እንዴት እንደምከፍተው ግን አላውቅም፤ ከአሁኑ እንቅልፍ የለኝም።

ልጅዎ ሁንዴ


አዳሚ ቱሉ፣ ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

እማዬ፣

ይህን ስጽፍልሽ ሁንዴ አያውቅም። ለባጫ የሰጠሁትም ራሴ በር ድረስ ወጥቼ ነው።

ቅዳሜ ሽማግሌ ይዘሽ እንዳትመጪ። ሁንዴ ሽማግሌዎቹን በር ላይ ሲቀጥር ሰምቼዋለሁ። አውቃለሁ እማዬ። ከየካቲት ጀምሮ አውቃለሁ።

ያን ቀን እሑድ ታጠቅ ከዝም በል አናት ላይ ደውሎልኝ ነበር። ነፋሱ ግማሹን ይወስደዋል፤ እሱ ደግሞ ይጮኻል። «ሉሊ! ወጣሁት! እግሬን አላስነካሁም!» አለኝ። ዋሸህ አልኩት። «ጫምሳ ምስክሬ ነው፣ ከታች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይሰድበኛል» አለ። እንዴት ወጣኸው ስለው «ቀስ ብዬ» አለኝ። እሱ! ቀስ ብዬ! እየሳቅሁ ሆዴን ያዝኩ። «ልውረድና እደውልልሻለሁ፣ ለእማዬ እኔ ራሴ ነው የምነግራት» ብሎ ዘጋ። አልደወለም።

በማግስቱ ሁንዴ ለሥራ አዳማ እሄዳለሁ ብሎ ተነሳ። ሲመለስ ዓይኑ አብጦ ነበር፤ አቧራ ነው አለኝ። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። ታውቂያቸዋለሽ፣ እዚህ ሰላምታው ራሱ ግማሽ ቀን ነው። እናትሽ ነጋ፣ ደህና ናት? ባለቤትሽ ነጋ? ላሞቹ ነጋ? ዝናቡስ? አንዷማ ስለ ድመታችን ጠየቀችኝ። ስለ ድመት እማዬ! ወንድምሽስ ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም። ስሙን ከአፋቸው አወጡት። በፊት ከሁሉ ቀድመው የሚጠይቁኝ እሱን ነበር። እንዳላውቅ ተጠንቅቀው ተጠንቅቀው፣ ነገሩኝ።

እኔ ግን ያንቺን ቃል ጠበቅሁ። ዝም በልን ወጣው ወይ ብዬ የጠየቅሁሽ ለዚያ ነው። አዎ ወጣው ብትዪኝ አለ ማለት ነው፤ ወርዶ ነግሮሻል ማለት ነው አልኩ። ገና ነው አልሽኝ። በቃ።

አለቀስኩ፤ ግን ድምፅ የሌለው ነው። ሁንዴ ሲገባ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ፤ እሱ ምጥ መስሎት መኪና ሊጠራ ይሮጣል። እናንተ ሞቱን ደበቃችሁኝ፤ እኔ ማወቄን ደበቅኋችሁ። ቤቱ ሙሉ ተደባባቂ ሆነ። ወይዘሮ ጋዲሴ ጓዳ ሲያለቅሱ እኔ አልጋ ላይ ያንኑ ሳለቅስ በመሐላችን አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ለምን መጠየቅሽን አልተውሽም ብትዪኝ፣ ደብዳቤሽ ሲመጣ እሑድ ይሆናል። ታጠቅ ይወጣል፣ ያስነካል፣ ይናደዳል። አንቺም እሱን ስትጽፊ ትንሽ የሚሻልሽ መሰለኝ። ሐዘን ላይ ሆነሽ የግመሉን ሽማግሌ ሳትረሺ የጻፍሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ግን ሁልጊዜ ከላይ ታደርሺውና ትመልሺዋለሽ። ቁልቁለቱን አልጻፍሽልኝም። ከሽማግሌ አፍ፣ በጨለማ፣ አርባ ሰው እያየኝ መስማት አልፈልግም። ሦስት ወር የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። አንቺው ጨርሺልኝ።

ልጅሽ ሉሊት


አዳማ፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሉሊት፣

ደብዳቤሽን ባጫ ሲሰጠኝ በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ቁጭ ብዬ ደገምኩት። ሲደውልልሽ ያለውን ቆየት ብዬ ጮክ ብዬ ለራሴ አነበብኩት። ጫምሳ ከታች ሆኖ ታጠቅ ከላይ ሲጮህ ሰማሁት ብሎኝ ነበር። ከማን ጋር እንደሆነ አላወቀም፤ ለነፋሱ መስሎታል። ለካ ላንቺ ነው።

ለእማዬ እኔ ራሴ ነው የምነግራት ያለውን አንቺ አደረስሽልኝ። ደርሶኛል።

ተቆጣሽብኝ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጣሽም። ዋሸሁሽ ብዬም ይቅርታ ልጠይቅ ጀምሬ ተውኩት፤ ሁለታችንም ያው ነን።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። የሞተ ሰው ዜና በወረቀት የሚላክበት ቤት ሰው የሌለው ቤት ነው ይሉ ነበር እናቴ። ሰው ባጠገብ ሆኖ፣ እጅ ይዞ፣ ወገብ ደግፎ ነው የሚነገረው። አንቺ ግን ጠየቅሽኝ። እኔም ሌላ ሰው እንዲነግርሽ አልፈልግም። ወይዘሮ ጋዲሴ አጠገብሽ ካሉ ጥሪያቸውና እጅሽን ይያዙሽ። ከዚያ ቀጥዪ።

ከላይ ሆነን ውሃ ጠጥተን በመጣንበት ተመለስን ያልኩሽ ውሸት ነው። ወርጃለሁ። ጫምሳ እማማ ይቅርብዎት ብሎ ለመነኝ። እሱ የወረደበትን እኔ ለምን አልወርድም አልኩት። ብዙውን በመቀመጫዬ ነው የወረድኩት።

በዚያ በኩል መሬቱ ቀይ ጠጠር ነው፤ ለመንገድ መሥሪያ የሚያፍሱት ዓይነት። ቀላል ነው፤ በእጅሽ ስታፍሺው ክብደት የለውም። ከላይ ሲታይ ልስልስ ያለ መንገድ ይመስላል፤ ከዚያ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ በኋላ ደስ ያሰኛል። ጫምሳ እንደነገረኝ ታጠቅ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይዘፍናል። ያን ቀን እሱ ቀድሞ ወረደ። ጫምሳ ገና ሳይክሉን እየገፋ ወደ አናቱ ሲወጣ ነበር፤ ዘፈኑን ሰምቶታል። ወደ መጨረሻው መታጠፊያ አለ። ጠጠሩ እዚያ ጠልቋል። የፊት ጎማው ሰመጠና ቆመ፤ እሱ አልቆመም። ከመታጠፊያው ታች አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። አንገቱን ነው የመታው።

ሄልሜቱን አድርጎ ነበር። ይሄን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው የምጽፍልሽ። አድርጎ ነበር። ፍሬኑም ደህና ነበር። ማንም አልገፋውም፤ ማንም አልተወውም። ጫምሳ ሳይክሉን ጥሎ በሩጫ ወርዶ ሲደርስ ዓይኑ ክፍት ነበር ይላል። አልተናገረም። ፍየል የምታግድ አንዲት ሴት ነበረች፤ ፎጣዋን አውልቃ ፀሐይ እንዳያገኘው ከበላዩ ይዛ ቆመችለት። ሌሎች መጥተው በእንጨት ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ እስኪያደርሱት ድረስ፣ ያን ሁሉ ርቀት፣ ከጎኑ እየሄደች ፎጣዋን ይዛለት ነበር። መንገዱ ጋ ሳይደርሱ አለፈ። እሷ ግን ፎጣዋን አላወረደችም ይላል ጫምሳ።

እኔ ስወርድ እዚያው አገኘኋት። ማን እንደሆንኩ ጫምሳ በኦሮምኛ ነገራት። አላለቀሰችም። ወደ ድንጋዩ ወሰደችኝና ከጎኑ አስቀመጠችኝ፤ እሷም ተቀመጠች። ብዙ ቆየን። ቋንቋዬ ትንሽ ስለሆነ ልጅሽ ነው ወይ፣ ስንት ልጅ አለሽ የሚለው ብቻ ገባኝ። ሁለት አልኳት። አንድ ማለት ነበረብኝ፤ አልወጣልኝም።

እንግዲህ ልጄ፣ ወንድምሽ ታጠቅ ሞቷል። ጥር 19 ቀን እሑድ ሞተ። በማግስቱ ቀበርነው። ይችን አንድ መስመር ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሬ ተቀምጬ ነበር። ቄሱ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ዕድሩ ሲል ሰምቻለሁ፤ በእኔ እጅ ሲጻፍ ግን ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ዝም በልን ወጥቶታል። ይሄንንም ልጻፈው፤ ስነፍገው ከርሜያለሁ። እግሩን ሳያስነካ፣ ቀስ ብሎ ወጥቶታል።

ሽማግሌዎቹን በስልክ አመስግኜ እንዳይመጡ ነግሬያቸዋለሁ። አዎ፣ ስልኬ ይሠራል። ቅዳሜ ከባጫ ጋር በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፤ በጠራራ ፀሐይ ነው የምገባው። ሁንዴን በሩን እንዴት እከፍታለሁ ብሎ እንዳይጨነቅ ንገሪው፤ ክፍት ይተወው።

ወይዘሮ ጋዲሴንም ለምኚልኝ። ሕፃኑን ታቅፈው ለዚያ ሰዓት ያህል ጎረቤት ይቆዩልን። እንዳይደነግጥ ነው። እኔና አንቺ ጮክ ብለን እናለቅሳለን።

እናትሽ አሳየች